ቴርሞስታቷ የወጣባት ዶልፊን፦ በከተማ ለምን ትቀዘቅዛለች፣ በዳገት ለምን ትሞቃለች?

ጥያቄ፦ «እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ የተሠራች፣ እኛ ዶልፊን የምንላት 3ኤል የሚባል የናፍጣ ሞተር ያላት ቶዮታ ሃይኤስ አለችኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ሞተሯ ሞቆ ጋራዥ ሳስገባት መካኒኩ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ጣለው። ‹ይህ የተሠራው በረዶ ላለበት ሀገር ነው፤ እዚህ አያስፈልግም› አለኝ። አሁን አዲስ አበባ ውስጥ ጠዋት ጠዋት የሙቀት መለኪያው ቀስት ከታች አልነሳ ይላል፤ ነጭ ጭስ ታበዛለች፤ ናፍጣም ጨምራለች። ወደ ደብረ ማርቆስ ስሄድ ግን ከዓባይ ድልድይ ተነስቼ ወደ ደጀን ስወጣ ቀስቱ ቀዩን ሊነካ ይደርሳል። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር እንዴት ይሞቃል? አዲስ ልግዛ? ራሴስ መግጠም እችላለሁ?»

ምላሽ፦ አዲስ ይግዙ። ቁልፍና ካቻቢቴ መያዝ ለለመደ ሰው የግማሽ ቀን ሥራ ስለሆነ ራስዎም ሊገጥሙት ይችላሉ። በከተማ መቀዝቀዟና በዳገት መሞቋ የሚቃረኑ ቢመስሉም ሁለቱም ከዚያች ከተጣለች ዕቃ ሊመጡ ይችላሉ። «ለእኛ ሀገር አያስፈልግም» የሚለው አባባል ብዙ ደህና ሞተሮችን ያለ ዕድሜያቸው ስላስረጀ ዛሬ ሰፋ አድርጌ ልመልስልዎ።

ቴርሞስታት ከሞተሩ ጋር የሚዘዋወረውን ውሃ ወደ ራዲያተር የሚያሳልፍ ወይም የሚከለክል በር ነው። መሐሉ ላይ ያለችው ትንሽ የብረት ኩባያ ውስጥ ሰም አለ። ሰሙ ሲሞቅ ይቀልጣል፣ ሲቀልጥ ያብጣል፣ ሲያብጥ ዘንጉን ይገፋል፣ በሩም ይከፈታል። ውሃው ሲቀዘቅዝ ሰሙ ይረጋል፤ ሞላው በሩን መልሶ ይዘጋዋል። የኤሌክትሪክ ሽቦ የለውም፤ የሚያዘው ሙቀቱ ብቻ ነው። በሩ የሚከፈትበት ዲግሪ ጠርዙ ላይ ተቀርጿል፤ በቶዮታ ዕቃዎች ላይ ብዙ ጊዜ የሚታዩት ቁጥሮች 76.5፣ 82 እና 88 ናቸው። እነዚህ ቁጥሮች የሞተሩን ሙቀት እንጂ የሀገሩን አየር አይመለከቱም። አፋር ውስጥ የሚሠራ ሞተርም ሆነ ደብረ ብርሃን ላይ የሚሠራ ሞተር ዘይቱ በሚገባ የሚቀባው፣ ናፍጣው በሚገባ የሚቃጠለው ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። መካኒክዎ ያነሱት የበረዶ ጉዳይ እዚህ ላይ ቦታ የለውም።

አሁን ወደ ዳገቱ እንምጣ። ሞተሩ ገና ሲነሳ፣ በሩ ተዘግቶ ሳለ፣ ውሃው ዝም ብሎ አይቆምም። ፖምፓው ባይፓስ በሚባለው አጭር መንገድ በሞተሩ ውስጥ ብቻ ያዞረዋል። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሁለት ሥራ ይሠራል፦ ዋናው በር ወደ ራዲያተር ሲከፈት ከግርጌው ያለችው ክብ ጠፍጣፋ ብረት ደግሞ ወርዳ የባይፓሱን አፍ ትደፍናለች። ስለዚህ ሞተሩ ሲሞቅ ውሃው ሁሉ በራዲያተሩ በኩል ለማለፍ ይገደዳል። ቴርሞስታቱን ካወጡት ዋናው መንገድ ለዘለቄታው ክፍት ይሆናል፤ ነገር ግን ባይፓሱም ለዘለቄታው ክፍት ይሆናል። ውሃ ቀላሉን መንገድ ይመርጣልና ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ትኩስ እንደሆነ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። በከተማ ጭነቱ ቀላል ስለሆነ ይህ ጉድለት አይሰማም፤ እንዲያውም ሞተሩ ከልኩ በላይ ይቀዘቅዛል። ከዓባይ ሸለቆ ስር ተነስተው በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ሲወጡ ግን፣ ያውም በቆላው ሙቀት ተሳፋሪና ዕቃ ጭነው፣ ራዲያተሩ ሙሉውን ውሃ ይፈልጋል። አያገኘውም።

የእርስዎ ሞተር እንዲህ ዓይነት መሆኑን ለማወቅ አዲሱን ቴርሞስታት ሲገዙ ግርጌውን ይዩ። ከሞላው በታች ሌላ ክብ ብረት ካለው፣ ያለ እሱ መንዳት ማለት ማቀዝቀዣውን በከፊል ማጥፋት ማለት ነው። አንዳንድ ሰዎች «ያለ ቴርሞስታት ውሃው በጣም ስለሚሮጥ ራዲያተሩ ውስጥ ለመቀዝቀዝ ጊዜ አያገኝም» ይላሉ። ይህ ትክክል አይደለም፤ የሚዞር ውሃ ቶሎ ቶሎ ሲመላለስ የሚወስደው ሙቀት አይቀንስም። እውነተኛው ምክንያት ባይፓሱ ነው። በተጨማሪም የቴርሞስታቱ ጠባብ መተላለፊያ ፖምፓው በሞተሩ ውስጥ ግፊት እንዲፈጥር ስለሚረዳ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) አካባቢ በጣም በሚግሉት ቦታዎች ውሃው በቀላሉ አረፋ እንዳያወጣ ያደርጋል። ቴርሞስታቱ ሲወጣ ይህም አብሮ ይጠፋል።

የከተማው ቅዝቃዜ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚጎዳው፤ ለዚያም ነው ማንም የማያማርረው። ናፍጣ ሞተር የሚያቃጥለው አየሩን አምቆ በማጋል ነው። ግድግዳው ከቀዘቀዘ ናፍጣው በሙሉ አይቃጠልም፤ ያዩት ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው። ከፊሉ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ወርዶ የዘይቱን ሽፋን ያጥባል፤ ከዚያ ወደ ዘይቱ ገብቶ ያቀጥነዋል። ከቃጠሎው የሚወጣው እንፋሎትም በቀዝቃዛ ሞተር ውስጥ ውሃ ሆኖ ከዘይቱ ጋር ይለቆጣል። የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተው ከውስጥ በኩል ቡናማ ወተት የመሰለ ልቅላቂ ካዩ ሁልጊዜ የቴስታታው ጋርኒሽን (ማሸጊያው) ተቃጥሏል ማለት አይደለም፤ ሞተሩ ሳይሞቅ መኖሩም ያንን ያመጣል። በጥቅምትና በኅዳር ጠዋቶች አጫጭር ምልልስ የሚሠራ ታክሲ ያለ ቴርሞስታት ቀኑን ሙሉ በልኩ ሳይሞቅ ሊውል ይችላል። የጨመረው ናፍጣ በየቀኑ ከኪስዎ ይወጣል፤ የተበላው ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ግን አንድ ቀን በሙሉ እድሳት ነው የሚከፈለው።

መካኒክዎን ክፉ ሰው ነው አልልም። ቴርሞስታት ሰሙን ሲያፈስ ሞላው በሩን እንደዘጋ ይቀራል፤ ሞተሩም ይፈላል። መንገድ ላይ ለቆመ ሰው ዕቃውን አውጥቶ በእርጋታ ቤት መግባት ትክክለኛ ውሳኔ ነው። ስህተቱ ጊዜያዊውን መፍትሔ ሁለት ዓመት ማቆየት ነው።

አሁን ደግሞ በደጋ ለምንኖር ሰዎች ብዙ ጊዜ የማይነገር ነገር ልንገርዎ፤ የራዲያተሩ ክዳን ጉዳይ ነው። ከባሕር ጠለል ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ክፍት ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ባለ 88 ቴርሞስታት ገና መከፈት ከመጀመሩ ውሃው ሊፈላ 4 ዲግሪ ብቻ ይቀረዋል ማለት ነው። ታዲያ ሞተሮቻችን እንዴት ሳይፈሉ ይውላሉ? ክዳኑ ነው የሚያድናቸው። ላዩ ላይ 0.9 ተብሎ የተጻፈበት ክዳን በውስጡ ያን ያህል ግፊት ይይዛል፤ በዚያ ግፊት ውሃው በአዲስ አበባ ከፍታ እንኳ እስከ 114 ዲግሪ አካባቢ ሳይፈላ ይቆያል። የክዳኑ ላስቲክ ደርቆ ወይም ሞላው ዝሎ ግፊቱን መያዝ ካቃተው ከ20 ዲግሪ በላይ መጠባበቂያ ያጣሉ። ደጀን አፋፍ ላይ የፈሉ ብዙ መኪናዎች ችግራቸው ክዳን ነበር። ስለዚህ ቴርሞስታት ሲገዙ ክዳንም አብረው ይግዙ፤ ከሁሉም ዕቃ ርካሹ ነው። ከፍ ያለ ቁጥር የተጻፈበትን ግን «ይበልጥ ይይዛል» ብለው አይውሰዱ፤ ያረጀ ራዲያተርና ያረጀ ቱቦ አይችለውም።

ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ሲገዙ የሞተሩን ዓይነት ይናገሩ፤ «የሃይኤስ» ማለት ብቻውን አይበቃም። 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል የናፍጣ ሞተሮች አሉ፤ የቤንዚኖቹም የተለዩ ናቸው። የጠርዙን ስፋት፣ የግርጌውን ብረትና የተጻፈውን ዲግሪ ያመሳክሩ። ሻጩ «76ቱን ውሰድ፣ ሞተርህ አይሞቅም» ካለዎት አይስሙት። ዝቅ ያለ ዲግሪ በሩን ቀድሞ ይከፍታል እንጂ የራዲያተሩን አቅም አይጨምርም፤ ዳገት ላይ ሁለቱም በሙሉ ተከፍተው ስለሚገኙ ልዩነታቸው ኢምንት ነው። ለሞተርዎ የታዘዘውን ዲግሪ ይግጠሙ። አሮጌ ከተፈታ መኪና የወጣ ቴርሞስታት ፈጽሞ አይግዙ። የጠርዙ ላስቲክ ወይም የወረቀቱ ጋርኒሽን አዲስ ይሁን።

ከመግጠምዎ በፊት ይፈትኑት። በድስት ውሃ ውስጥ፣ የድስቱን ወለል ሳይነካ፣ በክር አንጠልጥለው ያስገቡት። ክሩን በበሩና በመቀመጫው መካከል ቆንጥጦ እንዲይዘው ያድርጉ። ቴርሞሜትር ይዘው ውሃውን ቀስ አድርገው ያሙቁት። በሩ መከፈት ሲጀምር ክሩን ይለቀውና ቴርሞስታቱ ይወድቃል፤ ያን ጊዜ ያነበቡት ዲግሪ ከተጻፈው በ2 ዲግሪ ወዲህ ወይም ወዲያ ከሆነ ደህና ነው። ነገር ግን ከፍታውን አይርሱ። በሩ በሙሉ የሚከፈተው መከፈት ከጀመረበት ዲግሪ በደንብ ከፍ ሲል ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የድስትዎ ውሃ ቢንተከተክም ከ92 አያልፍም። ባለ 88ቱ እዚህ ሲፈተን ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ከፍ ቢል ጤነኛ ነው። ይህን ሳያውቁ ደህናውን ዕቃ «አይከፈትም» ብለው የመለሱ ሰዎች አሉ። በሩ ከዚያ በላይ ሲከፈት ማየት የፈለገ ሰው ድሬዳዋ ወርዶ ቢፈትን ይሻለዋል፤ እዚያ ውሃ በ96 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ለእኛ ግን መጀመሪያ የሚከፈትበትን ዲግሪ ማየት ይበቃናል።

ወደ ሥራው እንግባ። መኪናዋ ሌሊቱን ቆማ ትደር፤ ትኩስ ሞተር ላይ ክዳን መክፈት ፊትና እጅ ያቃጥላል። በዶልፊን ሞተሩ ከፊት ወንበሮች ሥር ስለሆነ ወንበሩን ሲያነሱ መጀመሪያ አቧራውን ይጥረጉ፤ አሸዋው ክፍት ቴርሞስታት ቤት ውስጥ እንዳይገባ። ከራዲያተሩ ግርጌ ያለውን ማፍሰሻ ከፍተው ውሃውን በባልዲ ይቀበሉና መጠኑን ይለኩ። ይህ ቁጥር በኋላ ያስፈልግዎታል። የወጣው ውሃ ዝገት የመሰለ ቡናማ ከሆነ ቴርሞስታቱን ከመግጠምዎ በፊት ጥርት ያለ ውሃ እስኪወጣ ደጋግመው ያጥቡት፤ አለበለዚያ አዲሱ በር በአሮጌ ዝገት ይያዛል። ኩላንት (የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ካለበት ደግሞ መሬት ላይ አይድፉት። ጣዕሙ ጣፋጭ ስለሆነ ውሻና ልጅ ይቀምሱታል፤ መርዝ ነው።

የቴርሞስታቱን ቤት ለማግኘት ከራዲያተሩ የሚመጡትን ሁለቱን ወፍራም ቱቦዎች እስከ ሞተሩ ድረስ በእጅዎ ይከተሉ። አንደኛው በሁለት ወይም በሦስት ቡሎን በታሰረች ትንሽ የብረት ክዳን ላይ ያልቃል፤ ብዙ ጊዜ በ12 ቁልፍ ይፈታል። ቱቦውን በጉልበት አይጎትቱት፤ መጀመሪያ አዙረው ያላቁት። ቡሎኖቹ ለዓመታት ካልተፈቱ ዝገት ማላቀቂያ ነፍተው ይጠብቁ። ቡሎን እዚያ ቦታ ላይ መሰበር ቀኑን ሙሉ ያስለቅሳል።

ክዳኑ ሲነሳ የሁለቱን ብረቶች ገጽ ማጽዳት ከሁሉም በላይ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። መካኒኩ ያለ ቴርሞስታት ሲገጥማት ሲሊኮን ቀብቶ ሊሆን ይችላል፤ የደረቀውን ሲሊኮን በሙሉ ያንሱ። የተላጠ ቁራጭ ወደ ውስጥ ከወደቀ ራዲያተሩ ድረስ ሄዶ ጠባቡን ቱቦ ይደፍናል፤ ስለዚህ ቀዳዳውን በጨርቅ ሸፍነው ይፋቁ፤ ሲጨርሱ ጨርቁን ያውጡ። ገጹ ላይ ዝገት የበላው ጉድጓድ ካለ የክዳኑ ብረት ይቀየር። አዲሱ ላስቲክ የራሱን ሥራ ስለሚሠራ ሲሊኮን አይጨምሩበት፤ የወረቀት ጋርኒሽን ከሆነ በጣም ስስ አድርጎ መቀባት ይቻላል።

ቴርሞስታቱ ሲቀመጥ ሞላው ያለበት ወገን ወደ ሞተሩ ይዙር፤ ገልብጦ መግጠም ሰሙን ከትኩሱ ውሃ ስለሚያርቀው በሩ በጊዜ አይከፈትም። ጠርዙ ላይ ያለችውን፣ ውስጧ የምትንቀጠቀጥ ሚስማር ያለባትን ትንሽ ቀዳዳ ልብ ይበሉ፦ እሷ የአየር መውጫ ናት፤ ሁልጊዜ ወደ ላይኛው ጫፍ ትሁን። ወደ ታች ከተገጠመች አየር ከበሩ ሥር ይታሰርና ሰሙ ውሃ ሳይነካው ይቀራል። ቡሎኖቹን ተራ በተራ፣ በየጥቂቱ ያጥብቁ፤ በመለኪያ ቁልፍ ከሆነ 20 ኒውተን ሜትር አካባቢ ይበቃል። በረጅም ቁልፍ የሚታገል ሰው የአሉሚኒየሙን ክዳን ይሰነጥቀዋል።

አሁን መሙላት። ንጹሕ የተጣራ ውሃና ኩላንት እኩል በእኩል ይቀላቅሉ። የባትሪ ውሃ ብለው ሲገዙ አሲድ አለመሆኑን ያረጋግጡ። «በረዶ ስለሌለ ኩላንት አያስፈልገንም» የሚለውም የዚያው የቴርሞስታት ወሬ ወንድም ነው። ኩላንት መፍያውን ከፍ ያደርጋል፤ ከዝገት ይከላከላል፤ የፖምፓውን ላስቲክ ይጠብቃል። የቧንቧ ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚተወውን ነጭ ቅርፊት አይተዋል፤ ያው ቅርፊት በራዲያተሩ ጠባብ ቱቦዎች ውስጥ ይጋገራል።

መኪናዋን አፍንጫዋ ወደ ላይ በሆነ ቦታ ያቁሟት። የመኪናዋን የውስጥ ማሞቂያ ሙቅ ላይ ያድርጉ፤ የኋላ ማሞቂያ ካላትም ይክፈቱት። ቀስ ብለው ይሙሉ፣ ላይኛውን ቱቦ ጨመቅ ለቀቅ ያድርጉ፣ አረፋው ይውጣ። ክዳኑን ሳይገጥሙ ሞተሩን ያስነሱ፤ ውሃው ሲጎድል ይጨምሩ። ላይኛው ቱቦ ለጥቂት ጊዜ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆይና በድንገት ይሞቃል፤ ያ በሩ የተከፈተበት ቅጽበት ነው። አረፋው ሲያቆም ሞልተው ክዳኑን ይግጠሙ። አሁን ያስገቡትን መጠን ካፈሰሱት ጋር ያወዳድሩ። ሁለት ሊትር ከቀረ ያ ቦታ በአየር ተይዟል ማለት ነው፤ ሞተሩ ቀዝቅዞ እንደገና ይሞላ። በማግስቱ ጠዋትም ሳይነሳ በፊት ደረጃውን ይዩ።

ከዚህ በኋላ ጠዋት በጥቂት ደቂቃዎች ቀስቱ ተነስቶ ከመሐል ዝቅ ብሎ ይቆማል፤ ነጩ ጭስ ከማስነሳት በኋላ ቶሎ ይጠፋል። ዓባይን ከመውጣትዎ በፊት አጠር ባለ ዳገት፣ ለምሳሌ እንጦጦ ላይ፣ ይሞክሯት።

ዳገቱ ላይ አሁንም ከሞቀች ቴርሞስታቱን መልሰው ለማውጣት አይቸኩሉ፤ ሌላ ምክንያት አለ ማለት ነው። የራዲያተሩ ፊት በጭቃና በነፍሳት ተደፍኖ ይሆናል፤ ውስጡ ተጋግሮ ይሆናል፤ ቺንጋው ላልቶ ይሆናል፤ ወይም የማራገቢያው መያዣ ዘይቱን አፍስሶ በሙቀት ጊዜ በሙሉ ኃይል አይዞር ይሆናል። በመንገድ ላይ ቀስቱ ከወትሮው ከፍ ካለ ማርሽ ዝቅ ያድርጉ፣ ማሞቂያውን በሙሉ ይክፈቱ፣ ቦታ ሲያገኙ ቆመው ሞተሩን ሳያጠፉ ጥቂት ያዙሩት። ቀስቱ ከቀይ ተነስቶ በድንገት ወደ ታች ቢወድቅ ግን አይደሰቱ፤ ውሃው አልቆ መለኪያው በባዶ ቦታ ቀርቷል ማለት ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ያጥፉ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ቴስታታውን ይሰነጥቃል፤ እስኪበርድ ይጠብቁ።

አየሩን በሚገባ አውጥተው ሳለ በራዲያተሩ አፍ አረፋ ያለማቋረጥ የሚወጣ ከሆነ፣ ወይም ሌሊቱን አድራ ሞተሩ ሲነሳ ላይኛው ቱቦ ገና ሳይሞቅ እንደ ድንጋይ የሚደርቅ ከሆነ፣ የቃጠሎ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። ያን ጊዜ የቴስታታውን ጋርኒሽን የሚፈትን ጋራዥ ያስገቧት፤ ቴስታታው ከተፈታም ቀጥ ያለ መሆኑ ሳይለካ እንዳይገጠም ቆመው ይዩ።